ሁለት ሚዛን፣ አንድ ፋይል፦ በሲ ስትጽፉ የትኛውን ቁልፍ ትመርጣላችሁ?

ኅዳር ላይ ነው። ጅማ ውስጥ ባለ አንድ የቡና መረከቢያ ሁለት ሚዛኖች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ገበሬው ጀንፈሉን በኬሻ ያመጣል፤ ይመዘንለታል፤ ደረሰኙን ይዞ ብሩን ይቀበላል። ሚዛኖቹ ሁለት ቢሆኑም የሚጽፉት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ባለ አንድ ፋይል ነው። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር የቀኑን ድምር ይይዛል። ከሱ በታች የተመዘነው ሁሉ አንድ በአንድ ይሰፍራል። ፕሮግራሙን በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አንድ ምሽት፣ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ገንዘብ ያዡ ጠሩኝ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ደረሰኞቹን በካልኩሌተር ሁለት ጊዜ ደምረዋል።

«ልጄ፣ 51 ኪሎ ይጎድላል። ሦስት ፈረሱላ እኮ ነው።»

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙ እኮ ይቆልፋል» አልኳቸው።

«እኔ ብሩን በደረሰኙ ከፍያለሁ። ፋይሉ ካነሰ ጉድለቱን ማን ይሸፍናል?»

መልስ አልነበረኝም። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ሒሳባቸው ልክ ነበር። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጉድለቱ የተፈጠረባትን ቅጽበት አገኘኋት። ድምሩ 1,240 ላይ ነበር። አንደኛው ሚዛን 1,240ን አነበበ፤ 68 ሊደምርበት። ሁለተኛውም 1,240ን አነበበ፤ 51 ሊደምርበት። ሁለተኛው ቀድሞ 1,291 ብሎ ጻፈ። ወዲያው አንደኛው በላዩ ላይ 1,308 ብሎ ጻፈበት። ትክክለኛው 1,359 ነበር።

የገረመኝ ፕሮግራሙ በእርግጥም ይቆልፍ የነበረ መሆኑ ነው። ቁልፉ ግን እኔ ያሰብኩት ዓይነት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሲ ፋይል የሚነካ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምለው አንድ ነው። የትኛውን ጥሪ ልጠቀም ከማለታችሁ በፊት ቁልፉ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የፕሮሰሱ (የሚሮጠው ፕሮግራም) ነው? የተከፈተው ፋይል ነው? ወይስ ዲስኩ ላይ የተቀመጠ ስም ብቻ ነው? አማራጮቹን የሚለያቸው ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

መጀመሪያ ፈቃዱ

ፈቃድና ቁልፍ ሲምታቱ ብዙ ጊዜ አያለሁ። ፈቃድ «ማን ይግባ?» ለሚለው መልስ ነው። ቁልፍ «አሁን ተራው የማን ነው?» ለሚለው። ፋይሉን 0600፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው፣ ብታደርጉት ሌላ ሰው አይገባበትም። የራሳችሁ ሁለት ፕሮግራሞች ግን አሁንም እርስ በርስ ይራገጣሉ።

እኛ ጋ ሁለቱ ሚዛኖች በሁለት ተጠቃሚዎች ስም ስለሚሠሩ 0600 አያገለግልም። 0666 ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ መለያ ያለው ሁሉ የቀኑን ድምር እንዲለውጥ መፍቀድ ነው። የገንዘብ ነገር ባለበት ፋይል ላይ 0666 አታድርጉ። የቀረው 0660 ነው፦ ባለቤቱና ቡድኑ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፤ ሌላው አይደርስም።

ችግሩ፣ ፋይሉን በሚከፍተው ጥሪ በኦፕን ላይ 0660 ብላችሁ ብትጽፉም የሚወጣው 0660 ላይሆን ይችላል። በመሃል ዩማስክ አለ፤ አዲስ ፋይል ሲፈጠር ከፈቃዱ ላይ የሚቀንስ ቁጥር ነው። ዩማስኩ 022 ከሆነ የቡድኑን የመጻፍ ፈቃድ ያነሳባችኋል፤ ፋይሉ 0640 ሆኖ ይፈጠራል። ከዚያ ሁለተኛው ሚዛን ሊጽፍ ሲል «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይመጣል። ሰው ቶሎ ብሎ 0666 ወይም 0777 የሚያደርገው እዚህ ጋ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። አንዱ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ዩማስኩን 007 ማድረግ። ሌላው፣ ፋይሉን ከፈጠሩ በኋላ ፈቃድ በሚቀይረው ጥሪ በኤፍ-ቸሞድ 0660 ማለት። ዩማስክ የመላው ፕሮሰስ ነው። አንዱ ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሮጡት ሥራዎች አንዱ) ሲቀይረው ለሁሉም ይቀየራል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ መሃል ላይ መለዋወጥ አደጋ አለው። ኤፍ-ቸሞድ የሚነካው የተከፈተውን ያንኑ ፋይል ብቻ ነው፤ ግን የፋይሉ ባለቤት ወይም ሩት (የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ) ካልሆናችሁ አይሠራም። ብዙ ፋይል የምትፈጥሩ ከሆነ ዩማስኩን ሜይን መጀመሪያ ላይ አንዴ አስተካክሉት። ፋይሉ አንድ ከሆነ እኔ ኤፍ-ቸሞድን እመርጣለሁ። በስም የሚሠራው ቸሞድ ግን ይቅርባችሁ፤ ስሙ በመሃል ወደ ሌላ ፋይል ሊዞር ይችላል፤ የተከፈተው ዲስክሪፕተር (ኦፕን የሚመልሰው የፋይሉ ቁጥር) ግን አይዞርም።

ኦፕንን «ከሌለ ፍጠር» የሚለውን ኦ-ክሬትን ተጠቅማችሁ ሦስተኛውን ቁጥር፣ ማለትም ፈቃዱን፣ እንዳትረሱ። ከረሳችሁት ፋይሉ የሚያገኘው ፈቃድ እንዲያው የተገኘ ቁጥር ይሆናል። ኮምፓይለሩ ሁልጊዜ አይጮህላችሁም።

ማህደሩም የራሱ ነገር አለው። ብዙ ሰው ፋይልን ለመሰረዝ የፋይሉ ፈቃድ የሚጠየቅ ይመስለዋል። የሚጠየቀው የማህደሩ ነው። ማህደሩ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው ውስጡ ያለውን ፋይል፣ ፋይሉ 0400 ቢሆን እንኳ፣ ሊሰርዘው ይችላል። ማህደሩን 2770 ብታደርጉት ውስጡ የሚፈጠር አዲስ ፋይል ሁሉ የማህደሩን ቡድን ይወርሳል፤ ለሁለት ሚዛን ይህ ጥሩ ነው። 3770 ብታደርጉት ደግሞ፣ የማህደሩ ባለቤት ካልሆነ በቀር፣ አንዱ የሌላውን ፋይል መሰረዝ አይችልም። እኛ 3770 ላይ ነን።

አንድ ነገር ልጨምር። ፈቃድ የሚጠየቀው በር ላይ ነው። ፋይሉ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ፈቃዱን ብታነሱ፣ ቀድሞ የገባው ፕሮሰስ መጻፉን ይቀጥላል። ሠራተኛ ሲለቅ ፈቃዱን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ የሚሮጠውን ፕሮግራሙንም ማቆም ያስፈልጋል። በአክሰስ ቀድሞ «ይከፈትልኛል?» ብሎ ጠይቆ ከዚያ ኦፕን ማድረግም ትርፍ የለውም። በጥያቄውና በመክፈቱ መሃል ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። ቀጥታ ክፈቱት፤ እምቢ ካለ የስህተቱን ቁጥር የሚይዘውን ኤርኖን አንብቡ።

ቁልፎቹ

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ እዚህ የምናወራቸው ቁልፎች በሙሉ የስምምነት ቁልፎች መሆናቸው ነው። የሚያከብራቸው ሁለቱም ወገን ሲጠይቅ ብቻ ነው። ሳይጠይቅ የሚጽፍ ፕሮግራም ዝም ብሎ ይጽፋል። ሊነክስ በግድ የሚያስከብር ቁልፍም ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ከ2021ዱ 5.15 ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ጀምሮ ተወግዷል። ስለዚህ ፋይሉን በኤዲተር ከፍቶ የሚያርም ሰው ካለ የትኛውም ቁልፍ አያድናችሁም። እሱን የሚመልሰው ፈቃድ ነው።

*የቁልፍ ፋይል።* ኦ-ክሬትንና ኦ-ኤክስክልን አንድ ላይ አድርጋችሁ አንድ ባዶ ፋይል ትፈጥራላችሁ። ከተፈጠረ ቁልፉ የእናንተ ነው። ቀድሞ ካለ ሌላ ሰው ይዞታል ማለት ነው። ቀላል ነው፤ በየትኛውም ዩኒክስ ላይ ይሠራል፤ መፍጠሩም የማይከፈል አንድ ድርጊት ስለሆነ ሁለት ሰው እኩል አይፈጥረውም። ግን ይህ ቁልፍ የማንም አይደለም፤ ዲስክ ላይ ያለ ስም ነው። መብራት ሲጠፋ ፕሮግራሙ ይሞታል፣ ስሙ ይቀራል። መብራት መጥቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁለቱም ሚዛን የሞተ ቁልፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። መብራት እልም በሚልበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህን አልመክርም። ከርነሉ ውስጥ የሚያዙት የሚቀጥሉት ሦስቱ ግን መብራት ሲጠፋ ከፕሮግራሙ ጋር ይለቀቃሉ።

*ኤፍሎክ።* እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣው 4.2 ቢኤስዲ ከተባለው ዩኒክስ የመጣ ነው። መላውን ፋይል ይቆልፋል፤ ቁራጭ አያውቅም። ለጋራ ንባብ ወይም ለብቻ ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ፣ አለቀ። የሼል ስክሪፕት ከሲ ፕሮግራም ጋር አንድ ቁልፍ እንዲጋራ ከፈለጋችሁም ምቹ ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ትዕዛዝ አለ።

የኤፍሎክ ቁልፍ ባለቤት ፕሮሰሱ አይደለም፤ ኦፕን ስትሉ ከርነሉ ውስጥ የተፈጠረው የተከፈተ ፋይል ነው። ፎርክ ብታደርጉ፣ ማለትም ፕሮሰሱ «ልጅ» የሚባል ቅጂውን ቢፈጥር፣ ልጁም ያንኑ ቁልፍ ይጋራል። ልጁ ፍታ ቢል ለአባቱም ይፈታል። በተቃራኒው ደግሞ አባትየው ቢሞትና ልጁ ዲስክሪፕተሩን ይዞ ቢቀር ቁልፉ አይለቀቅም። ደረሰኝ የሚያትም ፕሮግራም በፎርክና ልጁን በሌላ ፕሮግራም በሚተካው በኤክሴክ የምታስነሱ ከሆነ ይህ በደንብ ያገኛችኋል። ፕሪንተሩ ወረቀት ጨርሶ ሲቆም ሚዛኑም አብሮ ይቆማል።

መድኃኒቱ ፋይሉን ስትከፍቱ ኦ-ክሎኤክሴክን መጨመር ነው፤ ኤክሴክ ሲሆን ዲስክሪፕተሩ ይዘጋል። ከከፈቱ በኋላ ከታች በሚመጣው በኤፍ-ኮንትሮል ጥሪም ማድረግ ይቻላል። ብዙ ትሬድ ባለበት ፕሮግራም ግን በሁለቱ ጥሪዎች መሃል ሌላው ትሬድ ፎርክ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ኦፕን ላይ ይሁን።

ሌላም አለ። በኤፍሎክ የጋራውን ቁልፍ ወደ ብቻ ስትቀይሩ አሮጌው ይለቀቅና አዲሱ ይጠየቃል። በመሃል ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል። አንብባችሁ ልትጽፉ ከሆነ ከመጀመሪያውኑ የብቻውን ያዙ።

*የኤፍ-ኮንትሮል ቁልፍ።* ሲጻፍ ኤፍ፣ ሲ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኤል ነው። ፖዚክስ (የዩኒክሶች የጋራ ደረጃ) ስለሆነ በየትኛውም ዩኒክስ ታገኙታላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ የፋይሉን ቁራጭ መቆለፉ ነው። መነሻውንና ርዝመቱን በባይት ትሰጡታላችሁ፤ ርዝመቱ 0 ከሆነ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ማለት ነው። እኛ ጋ የሚሻሙበት የድምሩ መስመር ብቻ ነው፤ እሱን ብቻ መቆለፍ ይበቃል። ሁለት ፕሮሰሶች አንዱ የሌላውን ቁልፍ ሲጠባበቁ ቢቆላለፉም ከርነሉ አይቶ ለአንዱ ስህተት ይመልስለታል። ማን እንደያዘው ብትጠይቁት የፕሮሰሱን ቁጥር ይነግራችኋል። ለማንበብ የሚቆልፍ ፋይሉን ለንባብ፣ ለመጻፍ የሚቆልፍ ለጽሑፍ መክፈት አለበት፤ ፈቃድና ቁልፍ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው።

እኔ የተጠቀምኩት ይህንን ነበር። ባለቤቱ ፕሮሰሱ ነው። ከባለቤትነቱ ጋር ግን አንድ ከባድ ደንብ ይመጣል። ፕሮሰሱ ወደዚያ ፋይል የሚያመራ *የትኛውንም* ዲስክሪፕተር ሲዘጋ፣ በፋይሉ ላይ ያለው የራሱ ቁልፍ በሙሉ ይለቀቃል። የቆለፈበት ዲስክሪፕተር ክፍት ቢሆንም እንኳ ይለቀቃል።

የኔ ፕሮግራም በየ20ኛው ምዘና አጭር ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቱን የሚያወጣው ፋንክሽን ያንኑ ፋይል በኤፍ-ኦፕን ለንባብ ይከፍተዋል፣ መስመሮቹን ይቆጥራል፣ በኤፍ-ክሎዝ ይዘጋዋል። የተጠራው ደግሞ ድምሩ ከተነበበ በኋላ፣ ከመጻፉ በፊት ነበር። ኤፍ-ክሎዝ ሲል ቁልፉ ሄደ። ምንም ስህተት አልተመለሰም። ሁለተኛው ሚዛን ሲጠባበቅ ስለነበር ወዲያው ገባ። 20 ጊዜ ከተመዘነው አንዱ ብቻ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ለዚያውም ሁለቱ ሚዛኖች እኩል ሲሠሩ ብቻ። እኔ ስሞክረው በአንድ ሚዛን ነበር። ለዚህ ነው ሳይታወቅ ሳምንታት ያለፉት።

በዚህ ደንብ የሚጎዳው የራስ ስህተት ብቻ አይደለም። የምትጠሩት ላይብረሪ ፋይሉን ከፍቶ ቢዘጋው እናንተ ሳታውቁ ቁልፋችሁ ይሄዳል። ትሬዶችም በዚህ ቁልፍ አይጠባበቁም፤ ባለቤቱ ፕሮሰሱ ስለሆነ ሁሉም ትሬድ እንደ ባለቤት ይታያል። በፎርክ የተወለደ ልጅ ግን ቁልፉን አይወርስም።

*ኦኤፍዲ።* «የተከፈተ ፋይል መግለጫ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻረ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሊነክስ 3.15 ላይ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ፖዚክስም ገብቷል። አጠራሩ በዚያው በኤፍ-ኮንትሮል ነው፤ ቁራጭ ይቆልፋል፤ ባለቤቱ ግን እንደ ኤፍሎክ የተከፈተው ፋይል ነው። ሌላ ቦታ ያው ፋይል ተከፍቶ ቢዘጋ ቁልፉ ንቅንቅ አይልም። እያንዳንዱ ትሬድ ለየብቻው ኦፕን ካደረገ ትሬዶችም ይጠባበቃሉ። ኮዱ ላይ ከሌላው ብዙ አይለይም። የትዕዛዙን ስም ትቀይራላችሁ፣ የፕሮሰስ ቁጥሩን ቦታ 0 ታደርጋላችሁ። በሊነክስ ላይ የጂኤንዩ ሶርስ ማክሮን ከኢንክሉዶቹ በላይ መጻፍ አትርሱ፤ አለበለዚያ ኮምፓይለሩ ስሞቹን አያውቃቸውም።

ጉድለቱ፣ የተቆላለፉ ፕሮግራሞችን አይለይላችሁም። ማን እንደያዘው ስትጠይቁም በፕሮሰሱ ቁጥር ፈንታ ‎-1 ይመልሳል። ሁለት ቁልፍ በአንዴ የምትይዙ ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ያዙ።

ታዲያ የትኛው?

መጀመሪያ ቁልፍ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ እዩ። ሥራችሁ ከፋይሉ ጫፍ ላይ መስመር መጨመር ብቻ ከሆነ ኦ-አፔንድ ይበቃል። እያንዳንዱን መስመር በአንድ ራይት ጻፉት፤ ከርነሉ ራሱ ጫፉን ፈልጎ ያስቀምጥላችኋል። ይህ ለራሱ ለኮምፒውተሩ ዲስክ ነው፤ ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚጋራ ዲስክ) ላይ አትመኑበት። ድምሩን ፋይሉ ውስጥ ባላስቀምጥና ማታ ላይ ብደምረው ኖሮ እኔም ቁልፍ አያስፈልገኝም ነበር። ጋሼ ግን ድምሩን በየደቂቃው ማየት ይፈልጋሉ፤ ልክ ናቸው፣ ካዝናቸውን የሚያመሳክሩበት ነው።

ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ እንዳይነሳ ብቻ ከፈለጋችሁ ኤፍሎክ። መላውን ፋይል ለአጭር ጊዜ የምትይዙ ከሆነም ኤፍሎክ፣ ከኦ-ክሎኤክሴክ ጋር። ሊነክስ ላይ ሆናችሁ የፋይሉን ቁራጭ ብቻ መቆለፍ ካስፈለጋችሁ፣ ወይም ትሬድ ካላችሁ፣ ወይም የሰው ላይብረሪ የምትጠሩ ከሆነ ኦኤፍዲ። እኛ አሁን ያለነው እዚህ ላይ ነው። የድሮውን የኤፍ-ኮንትሮል ቁልፍ የምመርጠው ኦኤፍዲን በማያውቅ ዩኒክስ ላይም የሚሠራ ፕሮግራም ስጽፍ ብቻ ነው። ያኔም ፋይሉን የሚከፍተውም የሚዘጋውም አንድ ቦታ ላይ ያለ አንድ ፋንክሽን ብቻ እንዲሆን አደርጋለሁ።

የድሮውና ኦኤፍዲ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ሁለቱን ሚዛኖች በተለያየ ቀን መቀየር ትችላላችሁ። ኤፍሎክ ግን ሊነክስ ላይ፣ በራሱ በኮምፒውተሩ ዲስክ፣ ሁለቱንም አያያቸውም። አንዱ ፕሮግራም በኤፍሎክ፣ ሌላው በኤፍ-ኮንትሮል ከቆለፈ ሁለቱም «ያዝኩ» ብለው እኩል ይጽፋሉ።

መጠበቅና አለመጠበቅም ምርጫ ነው። የሚጠብቀው ጥሪ ተራው እስኪደርስ ፕሮግራሙን ያቆመዋል፤ የማይጠብቀው ወዲያው እምቢታ ይመልሳል። ሚዛን ላይ ገበሬ ኬሻውን ተሸክሞ ቆሟል። እዚያ ላይ የማይጠብቀውን እየደጋገምኩ እሞክርና ሁለት ሰከንድ ካለፈ ስክሪኑ ላይ «ሌላኛው ሚዛን እየጻፈ ነው» የሚል አወጣለሁ። ማታ ለሚሠራው ሪፖርት ግን የሚጠብቀው ይበቃል።

ቁልፉን ከመፍታታችሁ በፊት የጻፋችሁት በእርግጥ መውጣቱን እዩ። በኤፍ-ፕሪንትኤፍ የጻፋችሁት ገና ፕሮግራሙ ውስጥ ባለ ቋት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ ከተፈታ በኋላ ቢወጣ ከቁልፉ ውጭ እንደተጻፈ ነው። ኤፍ-ፍላሽ አድርጉ፣ ወይም ቀጥታ ራይትን ተጠቀሙ። መብራት ቢጠፋም እንዲተርፍ ከፈለጋችሁ ኤፍ-ሲንክ ጨምሩ፤ ቁልፍ ብቻውን ዲስክ ላይ መድረሱን አያረጋግጥም።

ያላችሁን ፕሮግራም ዛሬውኑ መፈተን ትችላላችሁ። ሁለት ተርሚናል ክፈቱ። በአንደኛው ፕሮግራሙ ቆልፎ 30 ሰከንድ እንዲተኛ አድርጉ፤ ተኝቶ ሳለ፣ 10ኛው ሰከንድ ላይ፣ ራሱ ያንኑ ፋይል ለንባብ ከፍቶ ይዝጋው። በሁለተኛው ተርሚናል በየሰከንዱ ለመቆለፍ ሞክሩ። ፕሮክ ማህደር ውስጥ ሎክስ የሚባለውን ፋይል እያነበባችሁ ተከታተሉ፤ የትኛው ዓይነት ቁልፍ እንደተያዘ በስሙ ይጽፋል። ኦኤፍዲ ከሆነ ሁለተኛው እስከ 30ኛው ሰከንድ እምቢ እንደተባለ ይቆያል። 11ኛው ሰከንድ ላይ ከገባ ግን የኔ ፕሮግራም ያን ምሽት የሠራውን የእናንተም እየሠራ ነው።